የደረቅ ሳምንት ሚዜ

ዘለቀ በነጭ ሱፍ ሆኖ ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄደው የጠዋት ባቡር ላይ ተቀምጦ ያለማቋረጥ ያዛጋል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንዲት ሴት ደጋግመው አብረውት ካዛጉ በኋላ ተነሥተው ቦታ ቀየሩ።

«አፍህን ሸፍን እንጂ» አለችው አስካለ። «ፉርጎውን በሙሉ ልታስተኛው ነው።»

«ልሸፍን ብዬ እጄን ሳነሣ ክንዴን ያመኛል።»

«ጎሽ! ይቺን ለፈተናው ያዛት።»

አስካለ የክፍል ጓደኛው ናት፤ በዚህ ወር ግን ጠባቂው ናት። የሄደበት ትሄዳለች፣ የሚበላውን ታያለች፣ ሽንት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ትቆማለች። ደረቷ ላይ የኮሌጁን ቁልፍ ሰክታለች፤ ስትነካው ኮሌጁ በእሷ በኩል ያያል፤ በእሱም ትደውላለች። በሚቀጥለው መንፈቅ ተራው ይገለበጥና እሱ እሷን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ምን እንደሚላት ዘለቀ ከአሁኑ አስቦ ጨርሷል።

የሱስ ወር የሚባለውን እያንዳንዱ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ያልፍበታል። ክንድ ሥር ሽንብራ የምታህል ፍሬ ትተከላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍሬዋ ሱስ የሚያስይዝ ማስታገሻ ትሰጣለች። ተማሪው ጠዋት ይነሣል፣ ትምህርቱን ይማራል፣ እናቱ ጋ ይደውላል፣ ዓለም ደግ ቦታ እንደሆነች ያምናል። ከዚያ ፍሬዋ ትዘጋለች። የሚከተለው ደረቅ ሳምንት ይባላል። እሱን ጨርሶ ፈተናውን ያለፈ ብቻ፣ ሐኪም ሲሆን፣ ከባድ ማስታገሻ እንዲያዝ ይፈቀድለታል።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሁለት ነገር ያዩ ነበሩ። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ እንደ ማስቲካ በኪስ ሲዞር አይተዋል። አጥንታቸውን ካንሰር የበላቸው ሰዎች ደግሞ «ሱስ ይይዛቸዋል» ተብሎ ሞርፊን ተከልክለው እየጮኹ ሲሞቱ አይተዋል። ትምህርቱን የሚሰጡት ዶክተር ናሆም በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚሉት ነገር አላቸው። «ሁለት ዓይነት መጥፎ ሐኪም አለ። አንዱ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሌላው ለማንም አይሰጥም። ሁለቱም የሚያዩት መድኃኒቱን ነው፤ ሰውየውን አያዩትም።» ይህን ብለው ሲጨርሱ ነርሷ ፍሬዎቹን በትሪ ይዛ ትገባለች።

ደንቡ አጭር ነው። በደረቅ ሳምንት ደሙ ውስጥ ሌላ መድኃኒት የተገኘበት ተማሪ፣ በምንም ምክንያት ይሁን፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከሁለተኛው ምድብ ጋር ወሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሆስፒታል ምደባውም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዘለቀ ምደባው የወጣለት እዚያው ሞጆ ነው። አባቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረዋል።

ታላቅ ወንድሙ ደምሴ የሰርጉን ቀን ከቆረጠ ቆይቷል። ኮሌጁ ለሰርግ ሲል ፍሬ አያዘገይም። ስለዚህ ዘለቀ ደረቅ ሳምንቱ መሃል ላይ ሆኖ አንደኛ ሚዜ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከጠበቀው የተሻለ ሄደ። ዓይኑ ያለቅሳል፤ አፍንጫው እንደተበላሸ ቧንቧ ይፈሳል። የሰርጉ ሰዎች ግን በሌላ ተረጎሙት።

«ወንድሙን እንዴት ቢወደው ነው!» አሉ አንድ አዛውንት።

«እሱስ ይሁን፤ ሙሽራው እንኳ አላለቀሰም» አለች ሌላዋ።

ደምሴ ወደ ሚዜው ጆሮ ጠጋ አለ። «ኧረ ቀንስ በናትህ። እኔን ልበ ደረቅ እያስባልከኝ ነው።»

ከሙሽሪት ቤት ሲደርሱ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ቆሙ። እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዙ አናሳልፍም አሉ። ሚዜዎች በዚህ ጊዜ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይገፋሉ፤ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የዘለቀ ሆድ ግን እዚያው በሩ ላይ ተገለበጠ። እጆቹን አጣምሮ «እህቶቼ፣ ስለ እመቤቴ ብላችሁ፣ ሽንት ቤት አሳዩኝ» አለ።

በሩ በሳቅ ተከፈተ። ሴቶቹ አንዷ በአንዷ ላይ ሲወድቁ ሙሽራው ሳይቸገር ገባ። በሰፈሩ እንዲህ በፍጥነት የገባ ሙሽራ አይታወቅም።

የምሳው ድግስ የነበረው በትልቁ ድንኳን ነው። እዚያ ከተሰበሰቡት ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ እንግዶች በሙሉ ማለት ይቻላል ሰውነታቸው ላይ መድኃኒት ያለበት ልጥፍ አለ፤ የጉልበት፣ የወገብ፣ የልብ። ልጥፍ ሰኞ ሰኞ ሰው አልባ በራሪ ታመጣለች፤ ቤቱ በረንዳ ላይ ታርፍና ባለቤቱ ወጥቶ እስኪወስድ ትጠብቃለች። አረጋውያኑ ስለ ልጥፋቸው ሲያወሩ ስለ ልጆቻቸው እንደሚያወሩት ነው፤ ማን አዲስ እንዳገኘ፣ የማን እንደተለወጠ።

የዘለቀ አክስት ወይዘሮ ሶልያና ያለባቸው ሮዝ ነው። ሮዝ ለአጥንት ካንሰር የሚታዘዝ ከባድ ማስታገሻ ነው። በሽታው የጀርባ አጥንታቸውን ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። ያለ ልጥፉ ከአልጋ አይወርዱም፤ በልጥፉ ግን ገበያ ይወጣሉ፣ ከጎረቤት ይጣላሉ፣ ሰርግ አይቀሩም። በወጣትነታቸው ስልክ ፊት እየጨፈሩ ለሕዝብ ይለቁ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ናቸው። እስከ ዛሬም ሙዚቃው ሲመጣላቸው እኩዮቻቸውን ያሰልፉና የዚያን ጊዜውን ጭፈራ፣ ጣት በጣት፣ ክርን በክርን፣ አንድ ሳይስቱ ያወርዱታል። ወጣቶቹ የአያቶች ባህል ነው ብለው በአክብሮት ያጨበጭባሉ።

ዘለቀ ብብቱ ረጥቦ፣ እግሩ አልቀመጥ ብሎት፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ሳለ አክስቱ መጡ። አንገቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ግራ ቀኝ ሳሙት፣ እንደገና ሳሙት፣ ማጅራቱን ደባበሱት።

«ዘሌ፣ የኔ ጌታ። ምን አድርገውህ ነው? በረዶ እንደመታው ዶሮ ሆነሃል እኮ።»

«ትምህርት ነው፣ እቴቴ።»

«ይሄ ምን የሚሉት ትምህርት ነው! አይዞህ፣ አሁን ይሻልሃል» አሉና ሄዱ።

ተሻለው።

መጀመሪያ እግሮቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ከሆዱ ውስጥ የሆነ ቡጢ ተፈታ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መልካም እንደሆነ፣ የወጡም ቀለም ደስ እንደሚል፣ የካሜራ ባለሙያውም ቅን ሰው እንደሆነ ታወቀው። ወደ መሃል ገብቶ ጨፈረ። ትከሻው እንዲህ እንደሚታዘዝለት አያውቅም ነበር። ሕዝቡ ከቦ አጨበጨበለት።

አስካለ ጥብስ አንሥታ ስትመለስ ሳህኗን እንደያዘች ቆማ አየችው። ከዚያ ሳህኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በክርኑ እየጎተተች ወደ ምሰሶው አወጣችው።

«አፍንጫህ ደርቋል።»

«ሰርጉ ደስ ብሎኝ ነው።»

«በደረቅ ሳምንት ለማንም ደስ አይለውም። እጅህን አምጣ።»

የሱፉን እጅጌ ሰበሰበችው። ደሙን እንዲለካ ኮሌጁ ያሰረለት አምባር ቢጫ ሆኗል። ቢጫ ማለት ደም ውስጥ አለ ማለት ነው።

«ምን ወሰድክ?»

«ምንም! እናቴ ትሙት፣ ምንም!»

«እናትህን ተዋቸው፤ እዚያ ጋ ክትፎ እያደሉ ነው።» ኪሶቹን ፈተሸች። ኮሌታውን ገለበጠች። ማጅራቱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ዘለቀ፣ ይሄ ሮዝ ነው። የማን ነው?»

ዘለቀ ማጅራቱን የደባበሰውን እጅ አስታወሰ። «እቴቴ!» አለ።

ወይዘሮ ሶልያና ያደረጉት ነገር በሞጆ አዲስ አይደለም። እዚያ መድኃኒት እንደ ጨው ይሰጣጣሉ። እኔን አሽሎኛል፣ አንተም ሞክረው፣ ይባላል። ልጥፍ የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር አስበዋል፤ ገላ ለሚታጠብ ሰው ተብሎ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንደገና መለጠፍ እንዲችል አድርገዋል። ሁለተኛ ሲነቀል ይሞታል። እንደገና የሚለጠፈው የማን ገላ ላይ እንደሚሆን ግን አላሰቡበትም።

አክስቱን ከጥግ ወንበር ላይ አገኟቸው። ፈገግ ብለዋል። ፊታቸው ያለው ሳህን አልተነካም።

«እቴቴ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደረግኩ? የወንድሜ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ቁጭ ብዬ ልይ? ይኸው አሁን ሰው መሰልክ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደህና ነኝ፤ ተመስገን።»

ዘለቀ ወደ አስካለ ዞረ። «ደህና ነኝ አለች» አለ። ድምፁ ለራሱም አሳማኝ ሆኖ ተሰማው።

አስካለ ያልተነካውን ሳህን አየች። ሁለቱም አንድ ክፍል ነው የተማሩት። በዚህ አገር «ያምዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ምስጋና ነው፤ ስለዚህ ሕመሙን ትታችሁ ማድረግ ያቃተውን ጠይቁ ተብለዋል። ዘለቀ ይህንን ያውቃል። መጠየቅ ግን አልፈለገም። የማይፈልግበትንም ምክንያት ማሰብ አልፈለገም።

«እቴቴ» አለ በመጨረሻ። «ተነሺ እስቲ። ያንቺን ጭፈራ እንጨፍር።»

«ትንሽ ቆይቼ።»

«አሁን። ዘፈኑ ሳያልቅ።»

ወይዘሮ ሶልያና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ራሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። ፈገግታው ከፊታቸው አልጠፋም፤ የላይኛው ከንፈራቸው ግን በላብ ረጥቧል።

«እግሬ ደንዝዞ ነው» አሉ።

ዘለቀና አስካለ ከድንኳኑ ውጭ፣ የለስላሳ ሳጥኖች የተደረደሩበት ቦታ ሄደው ቆሙ።

«ሰኞ አዲስ ይመጣላታል» አለ ዘለቀ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«ወድቆ ጠፋ ብላ ታመልክትና በቶሎ ይላክላታል።»

«ሮዝ ጠፋ ሲባል ተሸጠ ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ክሊኒክ እየሄዱ እዚያው ይለጠፍላቸዋል፤ እስከ ዕድሜ ልክ። በዚያ ጀርባ በባጃጅ፣ በየቀኑ!» አስካለ ጣቷን ወደ ማጅራቱ ቀሰረች። «ልጥፉ የት እንደገባ ከታወቀ ግን ወዲያው ይተካል። የት እንደገባ ደግሞ እናውቃለን።»

«ከታወቀ እኔ ዓመቱን አጣለሁ።»

«አዎ።»

«የወሰድኩት እኔ አይደለሁም እኮ። ሳላውቅ ነው የተለጠፈብኝ። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«አይደለም» አለች አስካለ። ከልቧ ነበር። ጠባቂ ሆና መፍረድ ትችል ነበር፤ አልፈረደችም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ? ልጥፉን ያየሁት ከምሰሶው ጋ ነው። አክስትህ ጋ ሄድን፣ ተመለስን፣ ይኸው እያወራን ነው። ለምንድነው እስካሁን ያልነቀልከው?»

ዘለቀ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። እጁ ማጅራቱ ላይ ነበር። ጣቶቹ የልጥፉን ጠርዝ፣ ላብ ያላቀቀውን ጎን፣ ደህና አድርጎ እንዲይዝ እየተጫኑት ነበር። መቼ እንደጀመሩ አያውቅም።

እጁን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ለዶክተር ናሆም ደውይለት» አለ።

ዶክተር ናሆም ሲያነሡ ከጀርባቸው ከበሮ ይሰማ ነበር።

«ጮክ በሉ! እኔም ሰርግ ላይ ነኝ!»

«ዶክተር፣ ዘለቀ ነኝ! ደረቅ ሳምንት ላይ ያለሁት!»

«ምነው፣ ሸሸህ?»

«አልሸሸሁም። አክስቴ ልጥፏን ለጠፈችብኝ። ሮዝ ነው።»

ከበሮው ራቀ፤ በር የተዘጋ ይመስላል። «አሁን የት ነው ያለው?»

«አንገቴ ላይ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«አስካለ፣ ዓይኑን አሳዪኝ።» አስካለ ቁልፉን ነክታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል» አሉ ዶክተሩ። «ዘለቀ፣ እንቅልፍ አለብህ?»

«ትንሽ። ደስ የሚል እንቅልፍ ነው።»

«ደስ የሚለውን ተወው። ይሄ ልጥፍ ለወይዘሮዋ ሰውነት የተለካ ነው፤ የሳቸው ገላ ለዓመታት ለምዶታል። ያንተ ገላ ደግሞ የለመደውን ጥቂት በዚህ ሳምንት ረስቷል። አሁን ጋደም ብትል ትንፋሽህም ሊረሳህ ይችላል። ንቀለው።»

ዘለቀ እጁን ወደ ማጅራቱ ላከ። እጁ ኮሌታው ላይ ቆመ። አስካለ ልትረዳው አልተንቀሳቀሰችም፤ ተማሪው ራሱ እንዲነቅል ነው ደንቡ። ከድንኳኑ ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ ኬኩ እየተቆረሰ ነበር።

«አክስቴ መነሣት አቅቷታል» አለ ዘለቀ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ሰምቻለሁ» አሉ ዶክተሩ። «አንተ የያዝከው ሳይነቀል አዲሱን መልቀቅ አልችልም።»

ነቀለው። ከማጅራቱ ፀጉር ትንሽ ይዞ መጣ። ልጥፉ መዳፉ ላይ ሮዝነቱን እየለቀቀ ሄዶ እንደ ወረቀት ነጣ።

«በራሪ ወጥታለች» አሉ ዶክተር ናሆም። «ለወይዘሮዋ ልጥፍ ይዛለች፤ ላንተ ደግሞ የአፍንጫ መርጫ አለ፤ ትንፋሽህ ከዘገየ አስካለ ትረጭልሃለች። እስክትደርስ ግን እንዳትተኛ። አስካለ፣ አስጨፍሪው።»

«ምን አሉኝ?»

«ሰርግ ላይ አይደላችሁ እንዴ? ይጨፍር! ዘለቀ፣ ሰኞ ከሁለተኛው ምድብ ጋር ፍሬ ይተከልልሃል። ምደባህም ያው ለከርሞ ነው። ደንቡን ታውቀዋለህ። አዝናለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ዘለቀ።

ጨፈሩ። አስካለ ጭፈራ ብዙም አትችልም፤ እሱ ዓይኑን ባስለመለመ ቁጥር ግን እግሩን ትረግጠው ነበር። ሕዝቡ ስለነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ነገር ጠረጠረ። የዘለቀ እናትም ከሩቅ እያዩ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ዘለቀ ግን ዓይኑ የነበረው ጥጉ ወንበር ላይ ነው። ወይዘሮ ሶልያና አሁን ፈገግታውን ትተውታል። የጠረጴዛውን ጨርቅ በጭብጣቸው ይዘው አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠዋል። አንዲት ሴት ሰላም ስትላቸው ቀና አሉ፣ «ደህና፣ ተመስገን» አሉ፣ ተመልሰው አፈጠጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሕመም ለዘለቀ በራሱ ገላ ውስጥ ያለ ነገር ነበር።

በራሪዋ በድንኳኑ አፍ ገብታ ከስጦታዎቹ መሃል አረፈች። እንግዶቹ ስጦታ መስሏቸው አጨበጨቡ። አስካለ ልጥፉን ነጥቃ ሮጠች፤ ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው ጋረዱ፤ ወይዘሮ ሶልያና ጀርባቸውን ሰጡ። መርጫው ሳያስፈልግ ከበራሪዋ ጋር ተመለሰ። የዘለቀ አፍንጫ ራሱ እንደገና መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

ዘለቀ ወንበር ስቦ አክስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጭብጣቸው ጨርቁን ለቀቀ። ትከሻቸው ወረደ። ቀጥሎ ሳህናቸውን አዩ።

«ይሄማ ቀዝቅዟል» አሉ። «ማነህ፣ አንተ አሳላፊ! ቁርጥ የለም እንዴ? ዘሌ፣ ያቺ ልጅ ማን ናት? እግርህን ስትረግጥህ አየሁ፤ ጥሩ ምልክት ነው።» ከዚያ ስለ ሙሽሪት ቀሚስ አወሩ፣ ስለ ድንኳኑ ሙቀት አወሩ፣ ጎረቤታቸውን አሙ። ልጥፉን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሡትም። ቁርጡ ሲመጣም ከነጭራሹ ረስተውታል።

አስካለ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ጎበዝ ነህ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ብሆን አላውቅም። አንድ ዓመት እኮ ነው።»

ዘለቀ አክስቱ ጥሬ ሥጋ እያጣቀሱ ሲስቁ ያያል። እሱ ራሱ ልጥፉን ከነቀለ ወዲህ ስለ ልጥፉ ያላሰበበት ቅጽበት የለም። ዶክተር ናሆም «ሰኞ» ያሉበትን ድምፅ ደጋግሞ ይሰማዋል። አባቱና ምደባው ትዝ ያሉት ዘግይተው ነው። ከእነሱ በፊት ሌላ ነገር ቀድሞ መጥቷል፤ ሰኞ ፍሬዋ ትተከላለች፣ ትሰጣለችም።

«አስኩ፣ መልሰሽ ደውይለት» አለ።

«ለዶክተሩ? ምን ልትለው?»

አስካለ ፊቱን አየችውና ድጋሚ አልጠየቀችም። ጣቷን በናፕኪን ጠርጋ ቁልፉን ነካች። ከበሮው ከወዲያ በኩል ተሰማ።

«ዶክተር፣ አሁንም ዘለቀ ነኝ» አለ። «ቅድም ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ሰኞ ሲሉኝ ደስ ብሎኛል።»